ቂሙ ያልወጣ መስታወት

ትርሲት መስታወት ታጠና ነበር። ለመስኮት የሚሆነውን ወይም ጠጅ የሚቀዳበትን አይደለም፤ ምድር ራሷ አቅልጣ የምትተፋውን ነው። የምትሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ክፍል፣ ፀሐይ በማይደርስበት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሰው ምን እንደምትሠራ ሲጠይቃት «ድንጋይ አናግራለሁ» ትላለች። ሰውም ይስቃል፤ እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም።

ዐለት ሲቀልጥ አቶሞቹ እንደ ገበያ ሰው ይተራመሳሉ። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ እያንዳንዱ ቦታውን ፈልጎ ረድፍ ይይዛል፤ ድንጋይ ይሆናል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን መሰለፊያ ጊዜ አያገኝም። ሲራኮቱ በነበሩበት ቦታ፣ እንደ ተያያዙ፣ ድርቅ ብለው ይቀራሉ። መስታወት ማለት ይኸው ነው፤ ረግቶ የቀረ ግርግር። ከላይ ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው፤ ከውስጥ ግን የእሳቱ ቀን እንዳለ አለ።

ያን የውስጡን ነገር ለማየት ትርሲት አረንጓዴ የሌዘር ጨረር ትሰድበታለች። አብዛኛው ብርሃን እንደ ሄደ ይመለሳል። ጥቂቱ፣ እጅግ ጥቂቱ ግን ቀለሙን ለወጥ አድርጎ ይመጣል። ስፔክትሮስኮፒ የሚሉት ሙያ ያን ለውጥ እየለኩ አቶሞቹ እንዴት እንደተያያዙ ማወቅ ነው። «እንደ ሄደ የተመለሰውን ተዪው፣ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ምንም አይነግርሽም፤ ተለውጦ የመጣውን ያዢ» ብለው ያስተማሯት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሲራክ ነበሩ። ትርሲት ትምህርቱን ከመሣሪያው አሻግራ ሰው ላይ አዋለችው። ሰው ሰላም ሲላት ሰላምታውን ሳይሆን ከትናንቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ታዳምጣለች። ይህ ጠባይ ለመስታወት ይበጃል። ለሰው ሲሆን ግን እንቅልፍ ይነሣል።

የምታጠናውን መስታወት ያመጣላት ታናሽ ወንድሟ ይመር ነበር። ይመር ከሰመራ እየተነሣ ተመራማሪዎችንና ጎብኚዎችን ወደ እሳተ ገሞራው አፋፍ የሚያደርስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ቅልጡ ዐለት ከአፉ ገንፍሎ ሲፈስ ደረሰና፣ የመኪና መፍቻ ብረት ከረዥም ዱላ ጋር አስሮ፣ ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ተጠጋ። የጡጫ ያህል ቆርሶ የመኪናው ውሃ በሞላበት ባልዲ ውስጥ ነከረው። ከዚያ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አድርጎ፣ በዚያው ሽርጥ ጠቅልሎ፣ አዲስ አበባ ድረስ ይዞላት መጣ።

«እታለም፣ ይኸውልሽ ሙሽራሽ» አላት ቆርቆሮውን እያስረከበ። «ውሃ ውስጥ ስከተው እንደ ሰው ጮኸ። እኔም አብሬው ጮህኩ። ፈረንጆቹ ያበድኩ መስሏቸዋል።»

«ቢፈነዳብህስ ኖሮ!»

«ቢፈነዳብኝማ አንቺ በዚያ ብርሃንሽ እያየሽ ትለቃቅሚኝ ነበር።»

ሙሽራሽ ማለቱ ያለ ነገር አልነበረም። ትርሲት ደሴ ያሉ ወላጆቿ የመረጡላትን ባል እምቢ ብላ ከወጣች ወዲህ እናቷ ወይዘሮ እንጉዳይ ድምጿን ሰምተው አያውቁም። አባትየው በኩርፊያው መሀል አረፉ፤ ኩርፊያው ግን አላረፈም። ከእናት ለልጅ፣ ከልጅ ለእናት ሰላምታ የሚያመላልሰው ይመር ብቻ ነበር። አንዳንዴም ማንም ያላለውን ሰላምታ ከራሱ ፈጥሮ ያደርስ እንደነበር ትርሲት ታውቃለች፤ የእናቷ ሰላምታ ሁልጊዜ የይመርን ቀልድ ይሸት ነበርና።

ያን ቀን ስክሪኑ ላይ የመስታወቱን መስመር፣ ኮረብታ ኮረብታ የመሰለውን፣ አሳየችው። አንዱ ሲሊከን አራት ኦክስጅን እንደሚይዝ፣ አብዛኛው ኦክስጅን ደግሞ በአንድ እጁ አንዱን ሲሊከን፣ በሌላ እጁ ሌላውን ይዞ እንደ ድልድይ እንደሚቆም ነገረችው። አንዳንዱ ግን ድልድይነቱ ተቋርጦ ወዲያ ማዶ የሚይዘው ያጣል።

«ምስኪን» አለ ይመር። «አንድ እጁ ባዶ የቀረው ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«በሌላው አጥብቆ ይይዛል። ከድልድዮቹ ይልቅ አጥብቆ። ይቺ ወደ ቀኝ ያለችው ኮረብታ የሱ ናት።»

ይመር ኮረብታዋን በጣቱ ነካና ወደ አፋር ተመለሰ።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። በድንገት የቀዘቀዘ መስታወት በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል። የቤተ ሙከራው ሰዎች ይህን ውጥረት «ቂም» ይሉታል። ቂም የያዘ መስታወት ዓይን አይለየውም፤ ለመቁረጥ መጋዝ ሲነካው ግን ይበተናል። ስለዚህ መቅለጥ ሳይደርስ ለብ ለብ ያደርጉትና፣ ከዚያ ሙቀቱን በቀናት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያወርዱለታል። ቂሙ እንዲህ ነው የሚወጣው። ምድጃውን የሚጠብቁት ጋሽ ወልደየስ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በሩን ያለ ሰዓቱ ልክፈት የሚላቸው ሰው ቢመጣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ጀርባቸውን ይሰጡታል።

የይመር መስታወት በታኅሣሥ ከዚያ ምድጃ ገባ። በዚያው ሰሞን ዶክተር ሲራክ በስብሰባ ላይ «እንዲህ ያለ ናሙና የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም፤ ወደ ውጭ ልከን በትልቅ መሣሪያ ብናስፈትሸው» ብለው ነበር። ትርሲት ማስታወሻዋን መጻፏን ቀጠለች። ንግግሩ ግን ውስጧ ገብቶ እዚያው ረጋ። ያ መስታወት ስሟን የምታስጠራበት ሥራዋ ነው፤ ከዚያም በላይ የወንድሟ እጅ ነው። ከእጇ ከወጣ እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ፣ ባሻ ዘለቀ፣ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ባሻ ለዲኑ እንኳ አይነሡም። ቆባቸውንም አወለቁ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

ትርሲት አልፋቸው ሄደች፤ ግን ለካቻቸው።

ከታች ሐመልማል ቀድማት ገብታለች። ሐመልማል የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ አፏ የሰላ፣ ማንንም የማትምር። በየማለዳው «አንቺ የድንጋይ ሚስት፣ ዛሬም ፀጉርሽን ሳታበጥሪ መጣሽ?» ሳትላት አትቀመጥም። ያን ቀን ግን ተነሥታ አቀፈቻት፤ «ደህና አደርሽ የኔ እናት» አለችና ጉንጯን ሳመች፤ ከልማዷ በላይም ያዘቻት።

«ምን ሆነሻል?» አለች ትርሲት።

«እኔ? ምን እሆናለሁ? ብርዱ ነው።» ሐመልማል ዞር ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። «ስልክሽን ስጪኝማ፣ የኔው ዘግቶብኛል። አንድ ቦታ ልደውል።»

ትርሲት ሰጠቻት። ሐመልማል ይዛው ወጣች፤ ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች።

«ስልኬስ?»

«ኃይል ጨርሶ ላይ ቤት ሰካሁልሽ።»

ስልኩ ከትርሲት እጅ ሲወጣ ኃይሉ ሙሉ ነበር። በስልኩ ውስጥ ደግሞ የመስታወቱ መስመሮች ፎቶ በሙሉ አለ። ከሐመልማል ቦርሳ አፍ ላይ የነጭ ነጠላ ጫፍ ወጥቶ አየች። ሐመልማል ሱሪ ለባሽ ናት፤ ነጠላ ይዛ መጥታ አታውቅም። *መስታወት ሳይጫር የሚጠቀለለው በነጠላ ነው* ስትል አሰበች። ወንድሟስ በሽርጥ አልነበረም ጠቅልሎ ያመጣው?

ትንሽ ቆይቶ ዶክተር ሲራክ ራሳቸው ደረጃውን ወርደው መጡ። ቀን በቀን የማይወርዱ ሰው ናቸው። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ በእጃቸው ፍርፍር በሳህን፣ ከላዩ በሌላ ሳህን ተከድኖ ይዘዋል። አንድ ተማሪ ብስኩት ይዞ በመግባቱ ቤተ ሙከራውን አራክሷል ብለው ያባረሩት እኚሁ ሰው ነበሩ።

«ብዪ» አሉ።

«ዶክተር፣ እዚህ ምግብ አይገባም ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ዛሬ ይግባ። ሰው በባዶ ሆዱ…» ቆም አሉ። «በባዶ ሆዱ ሥራ አይሠራም።»

«በልቻለሁ።»

«ጨምሪ። ለኔ ስትዪ። አንድ ጉርሻ።» ጠቅልለው ዘረጉላት። የኃላፊዋን እጅ ማሳፈር ነውር ሆኖባት ጎረሰች። ሐመልማል ይህን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትርሲት ጉርሻውን እያላመጠች ሁለቱንም ስትመዝን ቆየች። እንደ ሄደ የተመለሰ አንድም ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተለውጦ ነው የመጣው። ባሻ፣ ሐመልማል፣ ፍርፍሩ፣ ኮቱ። ብርሃኑ ይህን ያህል የሚለወጠው ከፊቱ የሆነ ነገር ስላለ ነው።

«የምትደብቁኝ ነገር አለ?» አለች በድንገት።

ዶክተር ሲራክ ሳህኑን መክደን ጀመሩ። «ምን እንደብቅሻለን?»

«የኔን መስታወት በሚመለከት።»

«መስታወት!» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ የሚመስል ነገር ገባ። «እሱማ… እሱ ገና ምድጃ ውስጥ ነው። ጋሽ ወልደየስ እየጠበቁት ነው። ሁሉም በጊዜው ይሆናል፤ አንቺ ብቻ ተረጋጊ።»

እፎይታውን ልብ አለችው። የሆነ ነገር ሊያመልጣቸው ሲል የዳኑ ሰው እፎይታ ነበር።

ከምሳ በፊት ጋሽ ወልደየስን ምድጃው ጋ አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ ዛሬ ይክፈቱልኝ። ላየው እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌው በልማዳቸው ጀርባቸውን አልሰጧትም። ትክ ብለው ሲያይዋት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ ቂሙ አልወጣም ገና። ትኩስ ነገር ወደ ብርድ አይወጣም። ቀስ ተብሎ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ታገሺ፤ ነገ ማለዳ ያንቺ ነው።»

«ነገ ማለዳ ምን አለ?»

«ነገ ማለዳ…» አሉ፣ «ነገ ማለዳ ነው እንጂ።»

ከሰዓት በኋላ ሐመልማል «ዛሬ እኔ ቤት እንደር፤ ብቻዬን ፈራሁ» አለቻት። ሐመልማል አራት ወንድሞችና አንድ ትልቅ ውሻ ያሉበት ቤት ነው የምትኖረው። ትርሲት «እሺ» አለች፤ ስላመነች ሳይሆን እስከየት እንደሚሄዱ ለማየት። ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ ብላ ወጣችና፣ ኮሪደሩ ከሚታጠፍበት ጥግ ቆማ ጆሮዋን ጣለች።

«ተነሥተዋል ወይ?» የዶክተር ሲራክ ድምፅ ነበር።

«ከተነሡ ቆዩ» አለች ሐመልማል። «ሌሊቱን ተጉዘው ሊነጋጋ ሲል ይገባሉ።»

«እንግዲህ ሰዎቹ ሳይደርሱ አንድም ነገር እንዳትሰማ። ጎህ ሲቀድ፣ እነሱ ባሉበት። ስልኩንም እንዳትሰጫት።»

ይህን የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቆብ የሚያወልቅ ዘበኛ፣ የሚደበቅ ስልክ፣ በግድ የሚጎረስ ጉርሻ፣ በቦርሳ የመጣ ነጠላ፣ ጎህ ሲቀድ የሚደርሱ ሰዎች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ጡት ያልጣለ ልጅ ብቻ ነው የማያውቀው። ትርሲትም ወሎ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሦስት ጊዜ እሷ ራሷ የሌላ ሰው ስልክ ደብቃለች። ግን ልብ ሁለት ስጋት ሲቀርብለት ሊሸከመው የሚችለውን ይመርጣል። ትርሲት መስታወቱን መረጠች። *ሰዎቹ* ከውጭ የሚመጡት ፈረንጆች ናቸው። አውሮፕላናቸው ሌሊት ይገባል። እሷን ሐመልማል ቤት አስተኝተው፣ ጎህ ሲቀድ መስታወቱን ያስረክባሉ። ሁሉም ነገር ገጠመ። ከመጠን በላይ ገጠመ፤ እንዲያ ሲገጥም ደግሞ መጠርጠር እንዳለባት መሣሪያው አስተምሯት ነበር። ያን ቀን ግን ረሳችው።

ጋሽ ወልደየስ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቃ ገባች። ወፍራሙን ጓንት አጠለቀች፤ የምድጃውን በር ከፈተች። መስታወቱ በሸክላው ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ ጠርዙ ብቻ ብርሃን ሲያገኘው እንደ ሻይ ቀላ የሚል። አነሣችው። በጓንቱ ውስጥ እንኳ ሙቀቱ ተሰማት። በአንገት ልብሷ ጠቀለለችና ደረቷ ላይ አስደግፋ በኋላ በር በኩል ወጣች።

የታኅሣሥ ነፋስ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

ሦስተኛውን ደረጃ ሳትጨርስ ከደረቷ ላይ ድምፅ ሰማች። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ጥርስ ጠጠር ሲያገኝ እንደሚያሰማው ያለ ነው። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ብዙ። ልብሱን ስትገልጠው መስታወቱ ቅርጹን እንደ ያዘ ነበር፤ ለአንዲት ቅጽበት የዳነ መሰላት። ከዚያ ተንዶ ስብርባሪ ሆነና በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ።

ትርሲት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ወልደየስ ምድጃውን ክፍት አግኝተው ሲጮኹ ሁሉም ተሯሩጠው መጡ። ሐመልማል ቀድማ ደረሰች። ስብርባሪውን አየች፤ የትርሲትን ፊት አየች፤ ከማለዳ ጀምሮ ጨብጣ የያዘችው ነገር ከእጇ አመለጠ። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «ወይኔ! ወይኔ ትርሲትዬ!» እያለች ወደ መሬት ወረደች። ደረቷን መታች። እንባዋም ከንፈሯ ላይ ይወርድ ጀመር።

ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። ለረዥም ጊዜ አየቻት። ሐመልማል ያየችው ሰባራ መስታወት ነው፤ የመጣው ለቅሶ ግን የመስታወት አይደለም። የሄደውና የተመለሰው ቀለማቸው አልገጠመም።

«ሐመልማል» አለች በቀስታ፤ «ለመስታወት እንዲህ አይለቀስም።»

ዶክተር ሲራክ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ፈቱ፤ መልሰው ቆለፉ።

«ይመር ነው?»

ጋሽ ወልደየስ ከጎኗ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ምድጃ ለዓመታት የለበለበውን አሮጌ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «ነገ ማለዳ ነበር የሚነገርሽ፣ ልጄ» አሉ። «ከዘመዶችሽ መካከል ሆነሽ።»

የይመር መኪና ትናንት ማታ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ብሎት ተገልብጧል። ተሳፋሪዎቹ ተርፈዋል። መርዶው በወግ በማዕረጉ እንዲደርሳት ከደሴ ሽማግሌዎች በሚኒባስ ተነሥተው ነበር።

ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የሚናገሩትን ቃል ተከፋፍለው፣ የትርሲትን በር ሊያንኳኩ ሲሉ ቤቱን በሰው ተሞልቶ አገኙት። ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ተቆጡ። «ማነው እንዲህ በደረቁ ያረዳት? ሰው ሳይደግፋት! ብትሞትብንስ?»

ዶክተር ሲራክ አንገታቸውን ደፉ። «ማንም አልነገራት፣ አባቴ። ከእጃችን አመለጠች።»

ከሚኒባሱ መጨረሻ የወረዱት ወይዘሮ እንጉዳይ ነበሩ። ሰው ደግፎ አስገባቸው። ለስንት ዘመን ያልተያዩ እናትና ልጅ ምን ይባባሉ ይሆን ብሎ ቤቱ በሙሉ ጠበቀ። ወይዘሮ እንጉዳይ ከልጃቸው ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጡና ቀኝ እጇን ያዙ። በሐዘኑ ቀናት ሁሉ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ እህል ሲቀርብ ሲነሣ፣ ያን እጅ አልለቀቁም። ትርሲት በመጀመሪያ ይህንንም ጠረጠረችው፤ ይዘውኝ ወደ ደሴ ሊመልሱኝ ነው ብላ። ኋላ ግን አያያዙን ልብ አለችው። የሚጎትት አያያዝ አልነበረም። የሚወድቅ ሰው አያያዝ ነበር።

አንድ ማታ እናቷ «ይመር በየሳምንቱ ሰላም ብላሻለች ይለኝ ነበር» አሏት። «እውነትሽን ነበር?»

ትርሲት አሰበች። «አንዳንዴ» አለች።

«እኔም አንዳንዴ» አሉ እናቷ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ትርሲት ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰች። እናቷ ብቻዬን አልልክሽም ብለው አብረዋት መጡና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ባሻ ዘለቀም ወርደው አጠገባቸው ሆነው የጦር ሜዳ ወሬያቸውን ጀመሩላቸው። ስብርባሪውን ጋሽ ወልደየስ አንዲት ቅንጣት ሳያስቀሩ ለቅመው፣ በዚያው በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አኑረውላት ነበር። *የቸኮለች* የሚለውን ተረታቸውን ግን አልተረቱባትም፤ ከዚያ ወዲያም ለማንም ሲተርቱት አልተሰሙም።

ዶክተር ሲራክ ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩት። «ከፈለግሽ እናቅልጠውና እንደገና እንሥራው» አሉ። «አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። ስንጥቁ አይታወቅም። ሰው ምን ነበር ብሎ አይጠይቅሽም።»

«ሰው አይጠይቀኝም» አለች ትርሲት፤ «እሱም አይመልስልኝም። ከቀለጠ ያን ባልዲ ውሃ ይረሳዋል።»

ከስብርባሪው አንዱን መርጣ ከመሣሪያው ሥር አስቀመጠች። አረንጓዴው ብርሃን ሄደ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ መውጣትና መውረድ ጀመረ፤ ያው ኮረብታ፣ ያው ሸለቆ፣ ይመር በጣቱ የነካት ያቺው ኮረብታም በቦታዋ።

ሐመልማል ከኋላዋ ቆማ ነበር። «አንቺ የድንጋይ ሚስት» አለች ድምፅዋን እየፈራች፤ ቀልዱ መመለስ ይችል እንደሆነ እንደምትሞክር ሰው። «እንዴት ነው? ጨርሶ ተበላሽቷል?»

ትርሲት ከስክሪኑ ዞር አለች። በተከፈተው በር በኩል እናቷ ይታዩአት ነበር። ባሻ ወሬያቸውን ቀጥለዋል፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ግን አይሰሟቸውም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በሩን በሩን ያያሉ።

«ውስጡ እንደነበረ ነው» አለች። «የተሰበረበት ጠርዝ ላይ ያለው ብቻ ነው አንድ እጁ ባዶ የቀረ። በሌላው ግን አጥብቆ ይዟል።»